«ጥፍርሽን ቁረጪ» ላላችኋት

ቅዳሜ ማታ ነበር። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ዳይሱ ተበትኗል፣ ሻዩ ተቀድቷል። የጓደኛችን ታናሽ እህት ለመጀመሪያ ጊዜ አብራን ልትጫወት መጥታለች። ፓዝፋይንደር የተባለውን የሚና ጨዋታ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያውን እትም፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታገላብጥ ሰንብታ ገጸ ባሕርይዋን ራሷ ሠርታለች፤ የዘንዶ ደም ያለባት አስማተኛ፣ ሶርሰረር፣ 8ኛ ደረጃ። ወረቀቷ ላይ ከድግምቶቿ ሁሉ በላይ፣ በትልቁ ተጽፎ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ቃል «ጥፍር» ነው።

ባለሰይፉ ጓደኛችን አንገቱን አስግጎ አነበበና፣ «እህቴ፣ አስማተኛ ጥፍር ምን ያደርግለታል? ጥፍርሽን ቁረጪና ከኋላዬ ቁሚ» አላት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ ወረቀቷን ገልብጣ አስቀመጠች። እስክንለያይ ድረስ ስለ ጥፍር አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እኔ በዚህ ጨዋታ ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝ። ጀማሪ ወዶ የመረጠውን ነገር በሳቅ ከእጁ ማስጣል ልብን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ አውቃለሁ። ስለዚህ በዚያ ማታ የተወረወረውን ሁሉ ሰብስቤ ይዤአለሁ፤ ተራ በተራ እመልሳለሁ።

«አስማተኛ ከመቼ ወዲህ ነው የሚቧጭረው?»

አንተ በሩን መዝጋት ካቃተህ ቀን ጀምሮ!

ታሪክ ካነሳህ ደግሞ እንነጋገር። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡ ጥፍርና ጥርስ የጭራቅ ሀብት ነበር። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ አስማተኛ በየደረጃው ባለ 4 ገጽ ዳይስ የምታህል ነፍስ፣ ጩቤ፣ በእጅ የሚወረወር ፍላጻና በትር ብቻ ተሰጠው። ያም ሆኖ ወደ እንስሳ የሚለወጠው ድሩይድ በ1976 ገብቶ ነበር፤ ድግምት የሚደግም አፍ ሊናከስም እንደሚችል ያኔውኑ ተጽፏል። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ጭራቁንም ጀግናውንም በአንድ ሕግ ገዛቸው። በ2009 ፓዝፋይንደር ሲመጣ የዘንዶ ደም ያለበት ሶርሰረር ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ ሁለት ጥፍር እንዲያወጣ ተፈቀደለት። መጽሐፉ ያበቀለውን ጥፍር አንተ ማን ነህና ትቆርጣለህ?

«በባለ 4 ገጽ ዳይስ ዝንብ አይገደልም!»

በአንድ ክርም አንበሳ አይታሰርም፤ ድር ሲያብር ግን ይታሰራል!

ጥፍሯ በ1ኛ ደረጃ ባለ 4 ገጽ ዳይስ እንደሆነ እውነት ነው። ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በ5ኛ ደረጃ ጥፍሩ እንደ አስማት መሣሪያ ይቆጠራል፣ በ7ኛ ባለ 6 ገጽ ይሆናል፣ በ11ኛ የዘንዶዋን እሳት ወይም በረዶ ወይም አሲድ ይጨምራል። በቀን የምታወጣው ለ3 ዙርና ሞገሷ በሚሰጣት ጭማሪ ልክ ለሚታከሉ ዙሮች ነው፤ የእኛዋ ልጅ ሞገሷ 20 ስለሆነ 8 ዙር አላት። ዙሮቹ የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ ጥፍሩን ማውጣትም ጊዜ አይወስድባትም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የልጅቷ ጥንካሬ 14 ነው። አንዱ ጥፍር ባለ 6 ገጽ ዳይስና ከጥንካሬዋ የሚመጣ 2 ነው፤ በአማካይ 5.5። ሁለቱም ከያዙ 11። ይህን ይዛ ብትገባ ሳቃችሁ ልክ ነበር። ግን አስማተኛ እኮ ናት! በሩ ሳይከፈት ቡልስ ስትሬንግዝ የተባለውን የ2ኛ እርከን ድግምት በራሷ ላይ ትደግማለች፤ ጥንካሬዋ በ4 ይነሳል፣ ጥፍሩ 7.5 ይሆናል። ኤንላርጅ ፐርሰን የተባለውን የ1ኛ እርከን ድግምት ትጨምራለች፤ ቁመቷ እጥፍ ይሆናል፣ ጥንካሬዋ ሌላ 2 ያገኛል፣ ዳይሱ ወደ ባለ 8 ገጽ ያድጋል፤ 9.5። ሁለቱም በእሷ ደረጃ 8 ደቂቃ ይቆያሉ፤ በዚህ ጨዋታ 8 ደቂቃ ማለት 80 ዙር ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቺል ተች የሚባል የ1ኛ እርከን ድግምት አለ፤ እጅን በሞት ብርድ ይሞላል፣ በደረጃ ልክ ይነካል፤ ለእሷ 8 ጊዜ። የፓዝፋይንደር ሕግ ደግሞ በእጅ የተያዘ የመንካት ድግምት በጥፍር ምት ውስጥ እንዲፈስ ይፈቅዳል። ዋጋው የጠላት ጥሩር መቆጠሩ ነው፤ ትርፉ ጥፍሩም ብርዱም አብረው መግባታቸው ነው። በእያንዳንዱ ምት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ተጨመረ፤ 13 ደረሰች። አብሯት ያለው ጠንቋይ ሄስት የተባለውን ድግምት ሲደግምላት ደግሞ ሦስተኛ ጥፍር ታገኛለች፤ ሕጉ በግልጽ የተፈጥሮ መሣሪያንም ያካትታል። ሦስቱም ከያዙ 39። የመምታት ቁጥሯም ከ6 ወደ 9 ወጣ።

ቅደም ተከተሉን ብቻ አትርሱ። ቺል ተች የመጨረሻው መሆን አለበት፤ እሱን ይዛ ሌላ ድግምት ከደገመች ከእጇ ይበንናል። ሄስት ከጓደኛ ቢመጣ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

«ስልጠና ያለው ሰይፍ ነው፤ ጥፍር ግን ድፍረት ብቻ ነው!»

ሁለተኛው ምትህ በ5 የሚደክመው ታዲያ ስልጠናው የት ሄዶ ነው?

6ኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ የመጀመሪያ ምቱ 6፣ ሁለተኛው 1 ነው። 20ኛ ሲደርስ 20፣ 15፣ 10፣ 5 እያለ ይወርዳል። ዋና የሚባሉት የተፈጥሮ መሣሪያዎች ግን ሁሉም በሙሉ ቁጥር ይመታሉ፤ ቀኙ ጥፍር እንደ ግራው፣ ንክሻው እንደ ጥፍሩ። በ5 የሚቀነስባቸው እንደ ክንፍና ጅራት ያሉት ሁለተኛ ደረጃ መሣሪያዎች ናቸው፤ እነሱም መልቲአታክ የሚባለው ልዩ ችሎታ ካለ ቅናሹ ወደ 2 ይወርዳል።

የእውነት ለመናገር የአስማተኛ መነሻ ዝቅተኛ ነው። ሶርሰረር 20ኛ ደረጃ ደርሶ መነሻው 10 ነው፣ ድሩይድ 15። ጥፍርም እንደ ሰይፍ በደረጃ ብዛት ምት አይጨምርም። ስለዚህ ከተዋጊ ጋር በክንድ መሽቀዳደም ኪሳራ ነው። አስማተኛ ጥፍሩን የሚያሳድገው በአስማቱ ነው፤ ምቱን ያበዛል፣ አካሉን ይለውጣል፣ ድግምቱን በጥፍሩ ያፈሳል። ክንዱን ትቶ አእምሮውን ያሠራዋል።

«ካልሽ ካልሽ ኢምፕሩቭድ ናቹራል አታክ ውሰጂ!»

መጀመሪያ ጥርሱ ይብቀል፣ ከዚያ ይሞረዳል!

ይህ ተረብ ሳይሆን ምክር ነበር፤ ግን ያለጊዜው የመጣ ምክር ነው። ይህ ልዩ ችሎታ የአንዱን የተፈጥሮ መሣሪያ ዳይስ በአንድ እርከን ያሳድጋል። ለመውሰድ የመምታት መነሻ 4 ይጠይቃል። ሶርሰረር 4 የሚሞላለት በ8ኛ ደረጃ ነው፤ ልዩ ችሎታ ደግሞ በጎዶሎ ደረጃ ስለሚሰጥ 9ኛን ይጠብቃል። ጠብቆስ ምን ያገኛል? ባለ 6 ገጹ ባለ 8 ሲሆን አማካዩ በ1 ብቻ ይጨምራል። ለዓመት የተጠበቀ ድግስ በአንድ እንጀራ እንደማለቅ ነው።

ያው ችሎታ በትልቅ አፍ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነው። ባለ 8 ገጹ ወደ ሁለት ባለ 6 ገጽ ሲያድግ 2.5 ይጨምራል፤ ሁለት ባለ 6 ገጽ ወደ ሦስት ሲያድግ 3.5። ዳይሱ በተለቀ ቁጥር ትርፉ ይተልቃል። ስለዚህ በትንሽ ጥፍር ላይ አታባክኑት፤ በቋሚነት ትልቅ አካል የሚይዝ ድሩይድ ይውሰደው። የተጻፈው በጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ስለሆነም የጨዋታውን መሪ አስቀድሞ ማስፈቀድ ደግ ነው።

«ድሩይድስ ቢሆን? አንበሳ ሲሆን ድግምቱን ያጣል፣ ሰው ሲሆን ጥርሱን ያጣል፤ ከሁለት ያጣ ጎመን!»

አንበሳው ሲያገሳ ድግምት እየደገመ እንዳልሆነ በምን አወቅህ?

ናቹራል ስፔል የሚባለውን ልዩ ችሎታ ያላየ ነው እንዲህ የሚለው። ጥበቡ ቢያንስ 13 የሆነና አካሉን የሚለውጥ ድሩይድ ይወስደዋል፤ በእንስሳ አካል ሆኖም ድግምቱን ይደግማል። በፓዝፋይንደር ድሩይድ አካሉን መለወጥ የሚጀምረው በ4ኛ ደረጃ ነው፤ በ5ኛ ይህን ችሎታ ወሰደ ማለት ነው። በ6ኛ ደረጃ ትልቅ አንበሳ ይሆናል፤ ባለ 8 ገጽ ንክሻ፣ ሁለት ጥፍር፣ 4 ተጨማሪ ጥንካሬ።

የጥፍር ትልቁ ደዌ ምን መሰላችሁ? ሁሉንም ምት ለመምታት ባለህበት መቆም አለብህ፤ ጠላት ጋ ለመድረስ ከአንድ እርምጃ በላይ ከተራመድክ አንድ ምት ብቻ ይቀርልሃል። አንበሳ ግን ዘሎ መያዝ ያውቃል። እየሮጠ ደርሶ በንክሻውም በሁለቱም ጥፍሮቹም በአንድ ጊዜ ያርፋል፤ ድሩይዱ 8ኛ ደረጃ ሲደርስ የኋላ እግሮቹ መቦጨቅም ይጨመራል። አካል ሲመርጥ ከዳይሱ መጠን በፊት ይህን ይመልከት።

በዚያ ላይ ፍሮስትባይት አለ፤ በ2011 አልቲሜት ማጂክ በተባለው መጽሐፍ የወጣ የ1ኛ እርከን ድግምት። እንደ ቺል ተች በደረጃ ልክ ይነካል፤ 8ኛ ደረጃ ላይ በእያንዳንዱ ምት ባለ 6 ገጽ ዳይስና 8 ይጨምራል። ጉዳቱ የማይገድል ነው፤ ጠላትን ያዝላል፣ ከዚያም ይጥላል። ጠላትን በሕይወት ይዞ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጥርስ የለም።

ሶርሰረሯም ብትሆን አካል መለወጥ አይከለከላትም። 12ኛ ደረጃ ስትደርስ ፎርም ኦፍ ዘ ድራጎን ትደግማለች፤ ባለ 8 ገጽ ንክሻ፣ ሁለት ባለ 6 ገጽ ጥፍር፣ ሁለት ክንፍ። ዘንዶ መናገር ስለሚችል ድግምቷ አይዘጋባትም፤ ሶርሰረር ከመነሻው ያለ ርካሽ ቁሳቁስ መደገም ስለሚችል እሱም አያግዳትም። ታዲያ ማን ነው ከሁለት ያጣ?

«ለጥፍር የሚሆን ዕቃ እኮ ውድ ነው!»

ያንተ ወርቅ አንድ ሰይፍ ያስላል፤ የእሷ ክታብ አፍም እጅም ያስላል!

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ፣ አሙሌት ኦፍ ማይቲ ፊስትስ፣ ጭማሪው 1 ሲሆን 4,000 የወርቅ ሳንቲም ነው፤ 2 ሲሆን 16,000፣ 3 ሲሆን 36,000። ከአንድ ሰይፍ ዋጋ ይበልጣል፤ ግን ጥፍሩንም፣ ንክሻውንም፣ ክንፉንም አንድ ላይ ያገለግላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አገዛዙ ላይ ነው። ጓደኛ ድሩይድ ግሬተር ማጂክ ፋንግን ከደገመላት ጭማሪዋ ለሰዓታት ይቆያል፤ 8ኛ ደረጃ ባለው ድሩይድ እጅ 8 ሰዓት፣ በአንድ መሣሪያ ላይ 2 ወይም በሁሉም ላይ 1። የክታቡ ጭማሪና የድግምቱ ጭማሪ ግን አንድ ዓይነት ስለሆኑ አይደመሩም፤ ትልቁ ብቻ ይቆጠራል። ሁለቱን ደርቦ መያዝ ወርቅን ወንዝ መጣል ነው። ብልህ ሰው ጭማሪውን ለድግምቱ ይተውና በክታቡ ላይ እሳት ያስጽፋል። በ4,000ው ዋጋ እያንዳንዱ ምት ባለ 6 ገጽ እሳት ያገኛል። ቅድም ያሰላነውን 13 አስታውሱ፤ 16.5 ሆነ። ሦስቱ ጥፍሮች 49.5። ከ11 ተነስተን እዚህ ደርሰናል፤ ያውም በአንድ ክታብና በተራ ድግምቶች።

«ፋየርቦል እያለ ጥፍር?»

ጠላት አንገትህን ሲያንቅ ፋየርቦሉን ማን ላይ ልትወረውረው?

ጠላቶች ተሰብስበው ርቀው ከቆሙ ፋየርቦል ትወርውር፤ እኔም አጨበጭባለሁ። በ8ኛ ደረጃ 8 ባለ 6 ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 28፣ በሁሉም ላይ። ግን ፋየርቦል ወዳጅና ጠላት አይለይም። የሸሸ ጠላት ግማሹን ያመልጣል፤ እሳት የማይነካው ጭራቅ ደግሞ ይስቅበታል። የ3ኛ እርከን ድግምት በቀን የተቆጠረ ነው፤ የቀኑ አራተኛ ውጊያ ላይ የሚቀረው የ1ኛ እርከን ድርሻና ጥፍር ነው። ጥፍር የፋየርቦል ጣውንት አይደለችም፤ ፋየርቦል በማይገባበት ቦታ የምትገባ እህቱ ናት።

«ከፊት ከቆመች ትሞታለች!»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ከኋላህ የቆሙትስ መቼ ተረፉ?

ስጋቱ እውነት ስለሆነ በቁም ነገር እመልሰዋለሁ። የአስማተኛ ነፍስ ቀጭን ናት። ስለዚህ ሳይጋረዱ መጠጋት የለም። ሜጅ አርመር የተባለው ድግምት ለሰዓታት 4 መከላከያ ይሰጣል። ሚረር ኢሜጅ በ8ኛ ደረጃ ከ3 እስከ 6 አምሳያዎችን ዙሪያዋ ያቆማል፤ ጠላት ጥላ ሲመታ ይውላል። ሁለቱም ከቺል ተች በፊት ይደገማሉ።

ጥፍር ከአደጋ የሚያወጣበትም ጊዜ አለ። ጭራቅ አስማተኛን ከያዛት ድግምት ለማውጣት ከባድ ፈተና ይጠብቃታል፤ ጥፍር ግን ፈተና የለውም። ሳይለንስ የተባለው ድግምት ሲወርድባት አፏ ይዘጋል፤ ጥፍሯ ድምፅ አይፈልግም። በንጉሡ በር ላይ ዘበኛው ሰይፍህን ይቀበልሃል፤ የእሷን ጥፍር በየትኛው ከረጢት ይከትታል?

«መሪያችን፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

በዚያ ማታ መሪያችን ዝም አለ። ለእሱም ቃል አለኝ፤ ይህኛው ተረብ ሳይሆን ልመና ነው።

የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን አምስተኛ እትም ለምትመሩትም ይህ ጉዳይ ይመለከታችኋል። በ2014 ሲወጣ ጥፍር በአብዛኛው በጥንካሬ የሚመታ ነበር። በ2017 ግን ዛናታርስ ጋይድ ቱ ኤቭሪቲንግ ፕራይማል ሳቬጀሪን ይዞ መጣ። ድሩይዱ ጥርሱን ወይም ጥፍሩን ስሎ በጥበቡ ይመታል፤ ባለ 10 ገጽ የአሲድ ዳይስ፣ በ5ኛ ደረጃ ሁለት፣ በ11ኛ ሦስት፣ በ17ኛ አራት፤ የቀን ድርሻም አይበላም። የጨዋታው ባለቤቶች ራሳቸው የአስማተኛ ጥፍር በአእምሮ መምታት እንደሚገባው በመጽሐፍ አጽድቀዋል።

ስለዚህ መሪ ሆይ፣ ሣጥን ስታስከፍተን ሁልጊዜ ሰይፍ አታስገኘን፤ አንዳንዴ ክታብ አኑርበት። ከጭራቆች መጽሐፍ ችሎታ ሲጠየቅ ፊትህን ከማጥቆርህ በፊት ሒሳቡን አስላ፤ ብዙ ጊዜ ጭማሪው 1 ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ጀማሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የጻፈውን ቃል አንብብለት። ልቡ ያለው እዚያ ነው።

በተከታዩ ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። ወረቀቷ ያው ነው፤ «ጥፍር» ግን አሁን ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ዋሻው ውስጥ ግዙፍ ድብ ገጠመን። ባለሰይፉ እንደ ልማዱ ቀድሞ ገባ፣ ደህና አድርጎም አቆሰለው። ድቡ ግን በመዳፉ ጠልፎ ያዘው፣ ሰይፉም ከእጁ ወደቀ። ፋየርቦል ቢወረወር ጓደኛችን አብሮ ይነዳል። ጠንቋያችን ሄስትን ደገመ። ልጅቷ በሩ ላይ እያለን በራሷ ላይ ስትደግም ቆይታ ቺል ተችን በእጇ ይዛለች። ሁላችንም ዞረን አየናት።

እሷ ግን ዳይሷን በመዳፏ ይዛ ባለሰይፉን በትሕትና ጠየቀችው፦

«ጋሼ፣ ጥፍሬን ልቁረጠው ወይስ ልምጣ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ዛሬ ሳቁ የእሷ ነበር። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ራሱ ባለሰይፉ ነው።

«ነይልኝ እህቴ!» አላት።

ከሦስቱ ጥፍሮች ሁለቱ ያዙ። ድቡም ወደቀ።